በእህል በረንዳ ስለታየችው ጸዓዳ ድንቢጥ

ባለፈው ሰሞን አንድ የእህል ነጋዴ፣ በእህል በረንዳ ከጤፍ ጆንያ አፍ ላይ ስትለቅም ያገኛትን የአንዲት ነጭ ወፍ ፎቶግራፍ ልኮ «አዲስ ዘር ትሆን?» ሲል ስለ ጠየቀኝ፣ አዕዋፍን መመርመር ሙያዬ ነውና፣ መልሱን ለሁላችሁም ይበጅ ዘንድ እነሆ ጻፍሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የጠረጠርሁት ዱቄትን ነው፤ በዚያ ሰፈር እንኳን ወፍ፣ ተሸካሚውም ማታ ጸዓዳ ሆኖ ይገባልና። ዱቄት ግን የላባን ላይ ያለብሳል እንጂ ሥሩን አያነጣም፤ በሁለተኛው ሥዕል ክንፏን ዘርግታ ስትነሣ ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ ነበረች። ፍጹም ቀለም የተነፈገች ብትሆን ዓይኗ በቀላ ነበር፤ የዚህችኛዋ ግን እንደ ኑግ ፍሬ ጥቁር ነው። በጀርባዋ የተረፈው የሸክላ መልክ፣ ወፍራሙ ምንቃሯና ከግራጫ ባልንጀሮቿ ጋር የተካከለው ቁመቷ፣ ጀርመናዊው ሩፔል በ1840 እ.ኤ.አ. የመዘገባት የዘወትሯ ድንቢጣችን መሆኗን ይመሰክራሉ፤ የጎደለው የላባዋ ቀለም ብቻ ነው።

«አዲስ ዘር» ለማለት የማልቸኩለው፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሣር ሜዳ፣ መንገድ ላይ ከሞተች የሌሊት በራሪ የተገኘውን አንድ ክንፍ እያሰብሁ ነው፤ ሊቃውንት ያን ክንፍ መርምረው በ1995 ወፊቱን «ሶላላ» ሲሉ የሰየሟት፣ በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» ለማለት ነው። እነርሱ ክንፉ በእጃቸው ነበረ፤ እኔ ያለኝ ሁለት ፎቶግራፍ ነው።

ነጋዴው ጤፉን ሸጦ ጨርሶአል፤ ድንቢጢቱም ወደ ገብስ ሻጮቹ ተሻግራለች አሉ።