ሩሌት፦ ካዚኖን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ

ዘመድ ለመጠየቅ ላስ ቬጋስ የሄደ ሰው ገና ከአውሮፕላን ሲወርድ፣ አየር ማረፊያው ውስጥ የቁማር ማሽን ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ከተማዋ የምትገኝበት የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ዛሬ በከተማዋ ታክሲ እያሽከረከሩም ሆነ በካዚኖዎቹ ተቀጥረው የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ለመጫወት 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። የካዚኖን አሠራር ቶሎ ለመረዳት ደግሞ የሩሌት ጠረጴዛ አጠገብ መቆም ይበቃል፤ ሩሌት በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ የተለቀቀች ኳስ የምታርፍበትን ቁጥር ወይም ቀለም ገምቶ ገንዘብ የሚያስይዙበት ጨዋታ ነው።

ገንዘብ ጨዋታውን ለምትመራው አጫዋች በእጅ አይሰጥም፤ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥላታል። እሷም ከላይ ያለው ካሜራ እንዲያያቸው ኖቶቹን ዘርግታ ትቆጥርና በምትኩ ማስያዣ የሚሆን ቺፕስ ትሰጣለች። የማን ገንዘብ የት እንደተቀመጠ እንዳያደናግር ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለየ ቀለም ያለው ቺፕስ ይሰጠዋል። የኳሷ ፍጥነት ሲቀንስ አጫዋቿ እጇን በጠረጴዛው ላይ ታሳልፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ማስያዝ የለም። ኳሷ ስታርፍ የወጣው ቁጥር ላይ ምልክት ታኖራለች፣ የተበላውን ትሰበስባለች፣ ለበላው ትከፍላለች። ተቀያሪዋ መጥታላት ስትነሳም እጇን አጨብጭባ መዳፏን ገልብጣ ታሳያለች፤ ምንም እንዳልያዘች ማረጋገጫ ነው።

እንዲህ የሚጠነቀቀው «ቤቱ»፣ ማለትም ካዚኖው፣ የሚያተርፈው በሒሳብ ነው። በአሜሪካ የተለመደው መንኮራኩር 38 ክፍሎች አሉት፦ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ 0 እና 00 የተጻፈባቸው ሁለት አረንጓዴ። አንድ ቁጥር ላይ 1 ዶላር አስይዞ የበላ 35 ዶላር ይከፈለዋል፤ ያስያዛትም ትመለስለታለች። በ38ቱም ላይ አንድ አንድ ዶላር ያስያዘ ሰው እንግዲህ 38 አውጥቶ 36 ይዞ ይነሳል። ሁለቱ ዶላር የቤቱ ድርሻ ነው፤ ከመቶ 5.26 ማለት ነው። አንድ ዜሮ ብቻ ባለው የአውሮፓ መንኮራኩር ድርሻው ወደ 2.70 ይወርዳል።

ብዙዎችን የሚያስበላው «ቀይ ከቆየ አሁን መውጣቱ አይቀርም» የሚል ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች፤ ቀይን እየጠበቁ ማስያዣቸውን ያበዙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ተበሉ። መንኮራኩሩ ያለፈውን አያውቅም፤ የቀይ ዕድል በየዙሩ ያው ነው።

ስለዚህ መሞከር የፈለገ ሰው ቢጠፋ የማይቆጨውን ገንዘብ ብቻ ይዞ ይግባ፣ የባንክ ካርዱን ቤት ይተው፣ ሲያልቅበትም ይነሳ። የተበላውን ለማስመለስ በሚያስይዘው በእያንዳንዱ ዶላር ላይም ቤቱ ያንኑ ድርሻውን ይዞ ይጠብቀዋል። የቤት ኪራይና ለእናት አባት የሚላክ ገንዘብ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም።