«ሶፍትዌር ይጫንለት»፦ ለተንቀራፈፈ ስልክ ሁሉ አንድ መርፌ?

ገላን ውስጥ በቢሾፍቱ መንገድ ዳር ወዳሉ የስልክ ጥገና ሱቆች ያረጀ አንድሮይድ ይዞ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው አንድ ፍርድ ነው፤ «ፍላሽ ይደረግ፣ አዲስ ይሆናል።» ፍላሽ ማለት የስልኩን ሶፍትዌር እንደገና መጫን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል።

ተረት፦ ፍላሽ የተደረገ ስልክ አዲስ ይሆናል።

እውነታ፦ ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። አፕዴት መሐል ላይ ተቋርጦበት ሎጎ ላይ የቆመ ስልክ በፍላሽ ይነሳል። ፍላሽ በተደረገ ሰሞን ስልኩ መፍጠኑም ውሸት አይደለም፤ ሚሞሪው ባዶ ሆኖለታል። ቴሌግራሙና ፌስቡኩ ተመልሰው ሲጫኑ ግን መንቀራፈፉም ይመለሳል። 1 ጊጋባይት ራም በፍላሽ 2 አይሆንም፣ የደከመ ባትሪም አይታደስም። የሚጫነውም ብዙውን ጊዜ ያው የድሮው አንድሮይድ ነው፣ ከነደህንነት ክፍተቱ።

የሚያናድደው ጉዳቱ ነው። ለፋብሪካ ሥራ ከሩቅ የመጣች ልጅ የእናቷ ፎቶ ያለው በዚያ ስልክ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ባክአፕ አለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ከሌለ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው ስልኮች፣ ብዙ የቴክኖ ሞዴሎችን ጨምሮ፣ ሁሉንም ፎርማት የሚያደርገው ምርጫ ከተነካ ደግሞ የስልኩ መለያ የሆነው የአይኤምኢአይ ቁጥር አብሮ ሊደመሰስ ይችላል። ያኔ ሲም ካርዱ ደህና ሆኖ ስልኩ ኔትወርክ ያጣል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. ስልኮችን መመዝገብ የጀመረው በዚሁ ቁጥር ነበር። የሌላ ሞዴል ፋይል ከተጫነ፣ ወይም ሥራው ሳያልቅ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ከተዘጋ፣ ስልኩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

እርግጥ አንዳንዴ የሚሞሪ ቺፑ ራሱ ያረጃል፤ ይህን ከሶፍትዌር ብልሽት መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። ሳይመረምሩና ሳያስጠነቅቁ ጠርጎ ገንዘብ መቀበል ግን ስንፍና እንጂ ሙያ አይደለም።

ተረት፦ አፕዴት ስልክ ያበላሻል።

እውነታ፦ አምራቹ በሴቲንግ በኩል የሚልከው አፕዴት በተለመደው ሁኔታ ፎቶ አያጠፋም፣ የደህንነት ክፍተት ይደፍናል። በቂ ቦታና ቻርጅ መኖሩን ብቻ አረጋግጡ።

ተረት፦ የቅርቡ አንድሮይድ በማንኛውም ስልክ ላይ ይጫናል።

እውነታ፦ ለሞዴሉ የተዘጋጀ ስሪት ከሌለ አይሆንም። ላይኔጅ ኦኤስን የመሳሰሉ ከአምራቹ ውጭ የተዘጋጁ አማራጮች ያሉት ለተወሰኑ ሞዴሎች ነው፤ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም በእነሱ ላይ አንሠራም ይላሉ።

ተረት፦ ስልኩ ከተጠረገ የቴሌብር ገንዘብ ይጠፋል።

እውነታ፦ ሂሳቡ ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር እንጂ ከቀፎው ጋር አልተያያዘም። መተግበሪያውን መልሳችሁ ጫኑና ግቡ።

ስልካችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶና ስልክ ቁጥሮችን ገልብጡ፣ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር ጻፉ፣ የጉግል አካውንታችሁን የይለፍ ቃል አስታውሱ፤ ከተጠረገ በኋላ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከዚያ ጠጋኙን «ምን ብልሽት አገኘህበት?» በሉት። መልስ ከሌለው ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ።