አስቤዛ በሞተር፤ ደንበኛው የማን ነው?

በመንጌም ሆነ በአሶሳ ያለ ባለሱቅ ደንበኛውን የሚያቆየው በዱቤና በምራቂ ነው። ስኳሩን መዝኖ ቆንጠር አድርጎ ይጨምራል፤ እንግዳ መጥቶበት እጅ ላጠረው ሰው በደብተር ይጽፍለታል፤ ደመወዝ ሲወጣ ወይም ከባህላዊ ቁፋሮ የተገኘው ወርቅ ሲሸጥ ሒሳቡ ይዘጋል። ማን ምን እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚገዛ፣ ማን በቃሉ እንደሚገኝ ባለሱቁ ያውቃል። ግዙፎቹ የዓለም ሱፐርማርኬቶች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው የሚያሳድዱት ይህንኑ ዕውቀት ነው።

እነሱ የሚሰበስቡት በካርድ ነው። የእንግሊዙ ቴስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 ክለብካርድ የተባለውን የአባልነት ካርድ ሲያወጣ ገዢው በገዛ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርለት ጀመር፤ ነጥቡም ቅናሽ ይሆንለታል። ቴስኮ በምላሹ የእያንዳንዱን ቤተሰብ የግዢ ታሪክ እጁ አስገባ። ብዙዎች ተከተሉት። ከዚያ ስማርት ስልክ መጣና በመደብሩና በገዢው መካከል አንድ አዲስ ነጋዴ ገባ፤ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ዕቃ ለቅሞ፣ በሞተር ደጃፍ ድረስ የሚያደርሰው ኩባንያ።

ይህ ነጋዴ ሙያውን የተማረው ከምግብ ቤት ነው። የምግብ አድራሽ ኩባንያዎች ከምግብ ቤቶች በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳሉ። በአንድ ሳህን ጥብስ ላይ የሚገኘው ትርፍ ሰፋ ስለሚል ምግብ ቤቱ ኮሚሽኑን ይችለው ይሆናል። ዘይት፣ ፓስታና ሳሙና የሚሸጥ ሱፐርማርኬት ግን ከ100 ብር ሽያጭ ወጪው ሁሉ ተቀናንሶ የሚቀረው ጥቂት ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ የመተግበሪያው ዋጋ ከመደብሩ ዋጋ ከፍ ይላል፣ ወይ ገዢው የማድረሻ ይከፍላል፣ ወይ መደብሩ ጉድለቱን ደንበኛ ለማቆየት እንዳወጣው ወጪ ቆጥሮ ይውጠዋል። ይህ የመጨረሻው የሚያዋጣው ደንበኛው በእርግጥ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ነው፤ ያውም ወደ አድራሹ ሳይሆን ወደ መደብሩ።

የአሜሪካው ሆል ፉድስ ታሪክ ይህን ያሳያል። ሱፐርማርኬቱ ለዓመታት አስቤዛውን የሚያደርሰው ኢንስታካርት በተባለው ኩባንያ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አማዞን ሆል ፉድስን በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ የሆል ፉድስና የኢንስታካርት ሽርክና አበቃ። ኢንስታካርት ግን አልጠፋም፤ ሌሎች ሱፐርማርኬቶችን በብዛት አስፈርሞ ቀጠለ። ገዢው ስልኩ ላይ ያለውን መተግበሪያ ሲለምድ፣ ከጀርባው ያለው መደብር ቢቀየርም እሱ እዚያው ይቆያል። በዚያው ዓመት ታርጌት የተባለው ሰንሰለት መደብር ሺፕት የተባለውን አድራሽ በ550 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ የገዛውም ይህን ቀድሞ በማሰብ ይመስላል።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ትምህርት የሚገኘው ከደቡብ አፍሪካ ነው። የሾፕራይት ኩባንያ በቼከርስ መደብሮቹ ስም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲክስቲ60 የተባለ የራሱን አገልግሎት ጀመረ፤ ስሙ በ60 ደቂቃ ውስጥ ማድረስን ያመለክታል። በዚያው ዓመት የወጣው ኤክስትራ ሴቪንግስ የተባለው የቅናሽ ካርድም ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ ይሠራል። ተፎካካሪው ፒክ ኤን ፔይ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ምግብ በማድረስ ከሚታወቀው ሚስተር ዲ ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አስቤዛውን በዚያ መተግበሪያ መሸጥ ጀመረ። ነገር ግን ስማርት ሾፐር የተባለውን የነጥብ ፕሮግራሙን ይዞ ነው የገባው፤ ገዢው በሚስተር ዲ ቢያዝም ነጥቡ የሚቆጠረው በፒክ ኤን ፔይ ነው። በሽርክና ለሚሠራ መደብር ከዚህ የተሻለ ውል ማግኘት ይከብዳል።

ሁሉም ግን አልቀናውም። ጁሚያ ናይጄሪያንና ኬንያን ጨምሮ በ7 አገሮች ሲሰጥ የነበረውን የምግብ ማድረስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ዘጋ፤ አላዋጣኝም አለ። አድራሹ ሲዘጋ፣ ደንበኞቹን በእሱ መተግበሪያ ብቻ ያወቀ ሻጭ በአንድ ጀምበር ባዶ እጁን ይቀራል።

በአዲስ አበባ መንገዱን የጠረገው እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ዴሊቨር አዲስ ነው። በኋላ ዚሞልና ቢዩን የመሳሰሉት ተከተሉ። ሁሉም የሚታወቁት በምግብ ቤት ምግብ ነው፤ ሱፐርማርኬት ቀስ በቀስ የመጣ ጉዳይ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ቤቱ ባስቀመጠበት በ2012 ዓ.ም. ብዙ ቤተሰብ አስቤዛን በስልክ ማዘዝ ተለማመደ። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ የጣለው ገደብ ደግሞ ማን ፈቃድ አውጥቶ ማመላለስ እንደሚችል የሚወስን ሆነ፤ በዚህች ከተማ የማድረስ ሥራ ከመንገድ ሕግ ተለይቶ አይታይም።

ክፍያው ቀድሞ ቀለለ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ዛሬ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የባለሱቁን ደብተር የሚተካም መጥቷል፤ ዳሸን ባንክ ከኢግልላየን ሲስተም ቴክኖሎጂ ጋር ያወጣው «ዱቤ አለ» ገዢው ዕቃውን ወስዶ ቀስ እያለ እንዲከፍል ያደርጋል።

ትልቁ ለውጥ ግን ገና በመምጣት ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። በ2017 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ካርፉር ከሚድሮክ ኢንቨስትመንት ግሩፕ ኩዊንስ ሱፐርማርኬት ጋር ስሙን ለማከራየት መስማማቱ ተነገረ። ካርፉር በአገሩ ከኡበር ኢትስ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አስቤዛ ሲያደርስ የኖረ ነው፤ ልምዱን ይዞ ከመጣ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች በዋጋና በመደርደሪያ ብቻ አይፎካከሩትም። በዚህ ሁሉ መሀል የሚዘነጉት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። የአባላት መዝገብ አላቸው፤ ዘይትና ስኳር ሲከፋፈል ሰው ወደ እነሱ ይሄዳል። የሌላቸው አድራሽ ብቻ ነው።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ጭነት የሚመጣው በነቀምቴና በጊምቢ አድርጎ ነው፤ በጸጥታ ችግር መንገዱ የተቋረጠባቸው ረጅም ጊዜያት ነበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ ደንበኛ የሚይዘው ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃ ያለው ነጋዴ ነው፤ መተግበሪያ ባዶ መደርደሪያ አይሞላም። በሌላ በኩል ለማድረስ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እዚሁ አለ፦ ባጃጅ በየመንገዱ፣ ስልክ በየእጁ፣ ቴሌብር በየስልኩ። የቤት ቁጥር ባይኖርም የባጃጁ ሾፌር መስጊዱንም ትምህርት ቤቱንም ስለሚያውቅ በምልክት ይደርሳል። ከመንጌ ወደ አሶሳ ለአስቤዛ የሚመላለስ ሰው ትእዛዙን በስልክ ልኮ ዕቃውን በሚመጣ መኪና ቢቀበል የትራንስፖርቱም የቀኑም ወጪ ይቀርለታል። የአካባቢው ማንጎም በወቅቱ ተትረፍርፎ ገዢ ሲያጣ ይታያል፤ ቤት ለቤት ማድረስ ያን ሁሉ ምርት ባያነሳም ለባሚያና ለማንጎ ሻጭ ተጨማሪ ደጃፍ ይከፍታል።

የአካባቢው ነጋዴ አድራሽ ኩባንያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ጥቂት ሱቆች ተሰባስበው ከባጃጅ ማኅበር ጋር በአንድ የስልክ መስመር ቢጀምሩ ይበቃል። ኋላ ትልቅ ኩባንያ መጥቶ ውል ሲያቀርብ ግን ከኮሚሽኑ በፊት የሚነበብ አንቀጽ አለ፤ የገዢው ስልክ ቁጥርና የግዢ ታሪክ በማን እጅ ይቆያል የሚለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የአሶሳና የመንጌ ባለሱቆች ከመፈረማቸው በፊት በዚህ አዋጅ መሠረት መብታቸውንና የደንበኞቻቸውን መብት ይጠይቁ።