ሳምንት ሙሉ የሚሄድ ሰዓት

የሰዓትን ክብር በወርቁ ክብደትና በስሙ ዝና የሚመዝን ሰው በጭሮም ሆነ በታላላቆቹ ከተሞች ብዙ ነው፤ እኔ ግን በሰዓት ጥገና ሙያ ከሸመገልሁ ወዲህ፣ አንድ ሰዓት ከጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ አስቀድሜ ልመረምረው የምሻው፣ አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ ስንት ቀን እንደሚሄድና፣ ከዚህም አብልጬ፣ የመጨረሻው ቀን አካሄዱ ከመጀመሪያው ቀን አካሄዱ ጋር የሚተካከል እንደ ሆነ ነው። ብዙ ቀን መሄድ የጉልበት ነገር ነው፤ ብዙ ቀን በዕሪና መሄድ ጥበብ ነው፤ ውድ የሚባለውም ሰዓት ዋጋው የሚገባው በዚህ ሲፈተን ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሚኤሶ ቆላ እስከ ሂርና፣ ከበዴሳም እስከ ገለምሶ፣ በሰው ክንድ ላይ የማየው ሜካኒካል ሰዓት አብዛኛው ሴኮ ወይም ኦሪየንት ሲሆን፣ ሞላው እስከ መጨረሻው ከተጠመጠመ በኋላ 40 ሰዓት ያህል ሄዶ ያርፋል፤ ባለቤቱ ዓርብ ማታ ያወለቀውን እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ቆሞ ያገኘዋል። ሞላ በትንሽ ከበሮ ውስጥ የተጠቀለለ ስስ የብረት ጥብጣብ ነው፤ ሲፈታ ከበሮውን ያዞራል፣ ከበሮው ጥርሳሞቹን መንኰራኩሮች፣ መንኰራኩሮቹም ባላንስ የሚባለውን ተመላላሽ መንኰራኩር ያንቀሳቅሳሉ፤ ባላንሱም፣ እንደ ሰዓቱ ዓይነት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 18,000 ወይም 21,600 ወይም 28,800 ጊዜ እየመታ ያን የተከማቸ ኃይል ጥቂት በጥቂት ይለቅቀዋል። ነገር ግን ሞላ በተፈጥሮው በመጀመሪያው ቀን ቸር፣ በመጨረሻው ቀን ንፉግ ነው፤ ማሽላውን በጉድጓድ ከትቶ በጥር ያለ ልክ እየዛቀ ነሐሴ ሲገባ ለቤተ ሰቡ በእፍኝ መስፈር የሚጀምር የጨርጨር ገበሬ ቢኖር፣ የሞላ ጠባይ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሰዓትን ለረጅም ጊዜ እንዲሄድ አድርጎ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይፈለግበታል፤ አንደኛው ጎተራውን ማስፋት፣ ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዕለት እኩል መስፈር ነው።

ይህን ልዩነት በግልጽ ያስተማረኝ ከሚኤሶ አንድ አዛውንት ያመጡልኝ የኪስ ሰዓት ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ አባታቸው በምድር ባቡር አገልግለው ነበርና፣ ሰዓቱን የገዙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን በሚያስተዳድሩበት፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪም፣ ገና ጐጆዎቿ በሚቆጠሩበት ዘመን እንደ ሆነ ነገሩኝ። «ልጄ፣ ይህ ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው ምግቡ» አሉኝ። ከፍቼ ባየሁት ጊዜ ሄብዶማስ የሚባለው የስዊስ ሥራ ሆኖ አገኘሁት፤ ይኸውም ኢሬኔ ኦብሪ የተባለው ሰው በፈረንጆች 1888 ዓ.ም. ባስመዘገበው ፈጠራ መሠረት የተሠራ፣ የሞላው ከበሮ የሰዓቱን ጀርባ በሞላ ጐደል የሸፈነበት፣ ባላንሱም ከገጹ ላይ በመስኮት በኩል ሲመላለስ የሚታይበት፣ አንዴ ሲሞላ ስምንት ቀን የሚሄድ ነው። ያረጀውን ዘይት አጥቤ፣ አዲስ ቀብቼ፣ በየማለዳው አካሄዱን ብመዘግብ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀድማል፣ በሳምንቱ አጋማሽ ይሰክናል፣ ስምንተኛው ቀን ሲቃረብ ይዘገያል። አዛውንቱ በየሳምንቱ መሙላታቸው ታላቅ ማስተዋል ነበር፤ ስምንተኛው ቀን ለመጠባበቂያ የተተወ እንጂ የሥራ ቀን አይደለም፤ ደካማው የሞላ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ሰዓቱ እንደገና ይሞላልና።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ኬክሮስ ዛሬ 24 ደቂቃ የምንለውን ሰጥተው፣ ኬክሮሱንም መልሰው በ60 ካልዒት ሲከፍሉ፣ የማለዳው ኬክሮስ ከሌሊቱ ኬክሮስ እንዲበልጥ አልፈቀዱም። አበው በሐሳብ ያጸኑትን ይህን ዕሪና በብረት ለማጽናት ከደከሙት መካከል፣ እኔ ያነበብሁትን ያህል፣ በጀርመን፣ በሳክሶኒ ግላስሁተ ከተማ ያለው የአ. ላንገ ኡንድ ዞነ ቤት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ይህ ቤት በፈረንጆች 1845 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥት ተወርሶ ስሙ ከጠፋ በኋላ፣ በፈረንጆች 1990 ዓ.ም. እንደገና ተቋቁሞ፣ በፈረንጆች 2007 ዓ.ም. ላንገ 31 የተባለውን የእጅ ሰዓት አወጣ። ይህ ሰዓት እያንዳንዳቸው 1.85 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ሞላዎች ያሉት፣ በቁልፍ ከጀርባው የሚሞላ፣ 31 ቀን የሚሄድ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሞላው ርዝመት አይደለም። ከታላላቆቹ ሞላዎችና ከባላንሱ መካከል አንዲት ትንሽ ሞላ አለች፤ እርስዋም በየ10 ሰከንዱ እንደገና እየተጠመጠመች፣ ታላቁ ሞላ ቢበረታም ቢደክምም፣ ለባላንሱ ዘወትር አንድ ዓይነት ኃይል ታቀብላለች። ወሩ ሲፈጸምም ሞላው ገና ኃይል ሳይጨርስ ሰዓቱ ራሱ አካሄዱን ይገታል፤ ስንፍናን በሰዓት ስም ከማሳየት መቆም ይሻላል ብለው ሠርተውታልና፣ ከዚህ የበለጠ ሐቀኝነት በብረት ላይ አይቼ አላውቅም።

ረጅም ጉዞ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሰዓት አስታውሰዋለሁ። የንጉሠ ነገሥቱ ንብረት የነበረው የፓቴክ ፊሊፕ ቁጥር 2497፣ በፈረንጆች 2017 ዓ.ም. በጄኔቭ ጨረታ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ያህል የተሸጠው፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን ሠርቅ የሚያሳይ፣ ወራቱ 30 ይሁኑ 31፣ የካቲታቸውም 28 ይሁን 29 ራሱ የሚያውቅ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀቱ ግን በእጅ በሚሞላ ሞላ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፣ መሳቢያ ውስጥ ጥቂት ቀን ቢረሳ አቆጣጠሩ ሁሉ ይቋረጣል፤ መልሶ ማስተካከሉም ረጋ ያለ እጅ ይጠይቃል። ቫሸሮን ኮንስታንተን በፈረንጆች 2019 ዓ.ም. ያወጣው ሰዓት ለዚህ መፍትሔ አመጣ፤ በክንድ ላይ ሲውል በሰዓት 36,000 ጊዜ እየመታ አራት ቀን ይሄዳል፤ ባለቤቱ ሲያወልቀው ግን ቍልፉን ተጭኖ ወደ ሁለተኛው ባላንስ ያዛውረዋል፣ እርሱም በሰዓት 8,640 ጊዜ ብቻ እየመታ፣ የዘመን ቍጥሩን ሳያጓድል፣ 65 ቀን ያቆየዋል። ሲሠሩ መትጋትን፣ ሲያርፉ በእርጋታ መተንፈስን ለብረት ማስተማር ይህ ነው።

እንዲህ ያሉት ሰዓቶች ወደ ጭሮ ገበያ አይመጡ ይሆናል፤ ጥበባቸውን አውቆ ማድነቅ ግን ለማንም አልተከለከለም። ደግሞም በምዕራብ ሐረርጌ ቤቶች ውስጥ፣ በተለይ ሐዲዱ ባለፈባት በሚኤሶ፣ ከአባት የተወረሱ የስምንት ቀን ሰዓቶች በሣጥን ሥር ዝም ብለው እንደ ተቀመጡ አምናለሁ። የእነዚህ ሰዓቶች ባለቤቶች ሆይ፣ የብሩን ቀፎ ለአንጥረኛ ሸጣችሁ ውስጡን አትጣሉት፤ በደረቀ ዘይት ሳለም በግድ አትሙሉት፣ የዱሮ የብረት ሞላ ሲሰበር ተተኪው በቀላሉ አይገኝምና። በቅድሚያ ለባለሙያ አሳጥቡት፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀንና ሰዓት ሙሉት፤ በየማለዳውም ስንት ደቂቃ እንደ ቀደመ ወይም እንደ ዘገየ በወረቀት መዝግቡ። ያ ወረቀት ከሰዓቱ ጋር ሲመጣልኝ፣ ሥራዬ በግማሽ ይቀልልኛል።