ልጅ የሚያስረጅ ኮምፒውተር የለም

ሐሙሲት ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ወሬ ሰማሁ፤ ኮምፒውተር ልጅ ያስረጃል ይሉ ጀመር። የአንዲት እናት ወረቀት ከአንድ ቢሮ ሲወጣ የእሷ ዕድሜ ልክ ነው፣ የልጇ ግን ከሰባት ዓመት በላይ ተጨምሮበታል። «ማሽኑ ተንኮል አለበት» ብሎ የደመደመም ነበር። ተንኮል! ወረቀቱን አላየሁትም፤ እንዲህ ያለው ስሕተት የሚፈለፈልበትን ጉድጓድ ግን አውቀዋለሁ።

የእኛና የፈረንጅ ዘመን በሰባትና በስምንት ዓመት እንደሚለያይ ለማንም አልነግርም። በእናትየው መዝገብ ውስጥ ልጆች አሉ፣ በየልጁ ውስጥ የልደት ቀን። (በሙያችን እያንዳንዱን «ኦብጀክት» እንለዋለን። «ቁስ» በሉት የሚሉ አሉ፤ የልደት ቀን ምኑ ነው ቁስ?) ፕሮግራሙ ይህን መዝገብ ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ሲያዛውር ደንብ ይፈልጋል። ልባም ፕሮግራመር የቀኑን ደንብ አንዴ ይጽፍና እናትንም ልጅንም በዚያው ወንፊት ይነፋል።

ጉዱ ያለው እዚህ ነው። እንደ አውቶማፐር ያሉ መዝገብ አዛዋሪ መሣሪያዎች የሁለቱን ቅርጾች ሳጥኖች የሚያገናኙት በስም ነው፤ ደንቡን የሚመርጡት ግን በዓይነት። «የኢትዮጵያ ቀን» የሚል ዓይነት ካዩ የቱንም ያህል ውስጥ ቢቀበር የተመዘገበውን ደንብ ይጠራሉ። አንዱ ባልደረባ የልጁን ቀን ተራ ጽሑፍ አድርጎ «1/1/2008» ብሎ ካስቀመጠው ግን ደንቡ እያለ የሚጠራው የለም። ጽሑፉ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ተብሎ ይነበባል። መስከረም 1 ቀን 2008 የተወለደው ልጅ ልደቱ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2015 ነበር፤ በአንድ ጀምበር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ። ቁናው ልክ ነው፤ ጤፉ ሳይሰፈር በጓሮ ገባ።

በእርግጥ ደንብ መጋራት በሙያችን ያጣላል። የተጋራው ደንብ ከተሳሳተ ሁሉም አብሮ ይሳሳታል። ልጅ ወደ እናት፣ እናት መልሳ ወደ ልጅ ሲጠቁሙም ማቆሚያ ካልተበጀ መሣሪያው ሲዞር ቆይቶ ይወድቃል። ለውስጠኛው ዓይነት ደንብ ሲጎድል አውቶማፐር ስሕተት ብሎ ይቆማል፣ የጃቫው ማፕስትራክት ከቻለ ደንቡን ራሱ ይሠራል። ሁለተኛውን የሚወዱ አሉ፤ እኔ የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

ጳጉሜን 5 የተወለደች ልጅማ የባሰ ይገጥማታል። «5/13» ተብሎ ሲጻፍ ቀንን የሚያስቀድም ፕሮግራም አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልሳል። ወርን የሚያስቀድም የአሜሪካ አጻጻፍ የለመደው ሜይ 13 ብሎ ይቀበላል። ሜይ 13 ደግሞ በእኛ ግንቦት 5 ነው፤ ቀኗ አምስት እንደሆነ ስለቀረ ማንም አይጠረጥርም።