የደኅንነት ሕግና የክፍለ ሀገር ባቡሮች ዕጣ በአሜሪካ

ነጂው ሲሳሳት ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ ባልተተከለበት ሐዲድ ላይ መንገደኛ ይጓጓዝ ወይስ አይጓጓዝ? አሜሪካ ከአሥር ዓመት በላይ ስትከራከርበት የኖረችው ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የመሐንዲሶች ጉዳይ ይመስላል፤ የትናንሽ ከተሞች ባቡር ግን ዕጣው ከመልሱ ጋር የተሳሰረ ነው። በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት አምትራክ፣ ከቺካጎ ሎስ አንጀለስ የሚመላለሰውን ሳውዝዌስት ቺፍ የተባለውን ባቡር መሐል ላይ ቆርጦ ከዶጅ ሲቲ እስከ አልበከርኪ ያለውን ሕዝብ በአውቶቡስ ለማጓጓዝ አሰበ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የዚህ መሣሪያ በመስመሩ ላይ አለመኖር ነበር። እንደ እኔ እምነት የመሣሪያው ግዴታ ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው ግዴታውን ያለ በቂ ገንዘብ ማውጣቱ ላይ፣ እንዲሁም ባቡርን ማስቀረትን እንደ ደኅንነት እርምጃ መቁጠሩ ላይ ነው።

መሣሪያው በእንግሊዝኛ አጠራሩ ፖዚቲቭ ትሬይን ኮንትሮል፣ ባጭሩ ፒቲሲ ይባላል። በባቡሩ ላይ ያለው ኮምፒዩተር በሳተላይት የት እንዳለ ያውቃል፤ ከሐዲዱ ዳርና ከመቆጣጠሪያ ማዕከል በሬዲዮ የሲግናሉን ሁኔታና የተፈቀደውን ፍጥነት ይቀበላል፤ ለመቆም የሚያስፈልገውንም ርቀት ሳያቋርጥ ያሰላል። ነጂው በጊዜው ካላቀዘቀዘ መጀመሪያ ያስጠነቅቀዋል፤ ካልሰማ ፍሬኑን ራሱ ይይዛል። ሕጉ የሚጠብቅበት አራት ነገር ነው፦ የባቡሮችን ግጭት፣ በፍጥነት ብዛት ከሐዲድ መውጣትን፣ የጥገና ሠራተኞች ወዳሉበት መግባትንና በተሳሳተ ማጠፊያ ማለፍን መከላከል። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዲህ ያለ ሥርዓት እንዲዘረጋ ማሳሰብ የጀመረው በ1969 በኮነቲከት ዳሪየን ላይ ሁለት ባቡሮች ከተጋጩ ወዲህ ነው። የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ግዴታ ያደረገው ግን ከ39 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2008 በካሊፎርኒያ ቻትስዎርዝ የመንገደኛና የጭነት ባቡር ተጋጭተው 25 ሰው ከሞተ በኋላ ነበር። የመንገደኛው ባቡር ነጂ በስልኩ መልእክት ሲጻጻፍ ቀይ መብራት አልፎ ነበር። ሕጉ የሰጠው ቀነ ገደብ የ2015 መጨረሻ ሲሆን ወደ 2018፣ በልዩ ፈቃድም እስከ 2020 ተራዘመ።

የመዘግየቱ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማየት በታኅሣሥ 2017 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ዱፖንት ላይ የደረሰው ይበቃል። አዲስ በተከፈተ መስመር ላይ የመጀመሪያውን የመንገደኛ ጉዞ ያደርግ የነበረ የአምትራክ ካስኬድስ ባቡር፣ 48 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ የተፈቀደበትን ኩርባ በ126 ገደማ ገባበትና ሦስት ሰው ሞተ። ከኩርባው ሦስት ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነበር፤ ነጂው ግን አላስተዋለውም። የፒቲሲ ዕቃ በሐዲዱ ዳር ተተክሎ ነበር፤ ሥራ አልጀመረም እንጂ። በአገራችንም በጥር 1985 አዋሽ ላይ ከ400 በላይ ሰው የጨረሰው አደጋ ባቡሩ ኩርባውን በፍጥነት በመግባቱ የደረሰ ነበር። ነጂን ማሠልጠንና መቅጣት ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚዘናጋው ሰው ስለሆነ፣ ስሕተቱን የሚያርም ሁለተኛ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የዱፖንቱ መስመርም በኅዳር 2021 ዳግም ለመንገደኛ የተከፈተው ፒቲሲው እየሠራ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የክፍለ ሀገር ባቡር ጠላት አድርጎ ማየት ትክክል አይደለም።

ጠላት ያደረገው የገንዘቡ አከፋፈል ነው። በጥቅምት 2008 በአንድ ፊርማ የጸደቀው ሕግ ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ ፒቲሲን ግዴታ አደረገ፤ ሌላው ርዝመታቸው ከ750 ማይል (1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ) በታች የሆኑ የአምትራክ መስመሮች ወጪ በየክፍለ ግዛቱ እንዲሸፈን አዘዘ። ይህ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሲሠራ፣ አዲስ ግዴታና አዲስ ዕዳ በአንድ ትከሻ ላይ አረፉ። ዕዳው ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ኢንዲያና አሳይታለች፦ በጀቱን ስታቋርጥ ከኢንዲያናፖሊስ ቺካጎ ይሄድ የነበረው ሁዘር ስቴት ባቡር በሰኔ 2019 ቀረ። ትልልቆቹ የጭነት ኩባንያዎች ለፒቲሲ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ማውጣት ይችላሉ፤ በቀን ሁለት ባቡር የሚያልፍበት ሐዲድ ግን ይህን የሚከፍልለት ነጋዴ የለውም።

ሳውዝዌስት ቺፍ ረጅም መስመር ስለሆነ ከዚያ ዕዳ ነጻ ነው፤ ሌላው ችግር ግን በእሱ ላይ በግልጽ ይታያል። በራተን ተራራ በኩል የሚያልፈው ሐዲድ የጭነት ባቡር ርቆት የመንገደኛው ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሕጉም የባቡር ብዛቱን አይቶ ከፒቲሲ ግዴታ ነጻ አድርጎታል። እንግዲህ አውቶቡሱን የጠየቀው ሕግ አልነበረም፤ የድርጅቱ ውሳኔ ነበር። ላሁንታ፣ ትሪኒዳድና ራተንን ከመሰሉ ከተሞች የሚሳፈሩት ሽማግሌዎችና ተማሪዎች አውሮፕላን በደጃቸው የላቸውም። አውቶቡስ በራሱ አደገኛ አይደለም። ነገር ግን ሌሊት ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ባቡር መያዝ ያሰለቸው ሰው መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። በዚያው በ2018 በአሜሪካ መንገዶች ላይ ከ36 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። የሐዲዱን አደጋ ቀንሶ መንገደኛውን ወደ አውራ ጎዳና መግፋት ሒሳቡን ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የካንሳስ፣ የኮሎራዶና የኒው ሜክሲኮ ተወካዮች ተባብረው ተቃወሙ፤ ምክር ቤቱም ለመስመሩ 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ባቡሩ ዛሬም ይሄዳል።

«ታዲያ የገጠር መንገደኛ ሕይወት ርካሽ ነው ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ከባድ ጥያቄ ነው። ሁለት ባቡር በሚያልፍበት ሐዲድ የግጭት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ኩርባ ግን ባቡር አይቆጥርም፣ ዱፖንት ላይ የተገለበጠውም አንድ ባቡር ብቻ ነበር። ስለዚህ ነጻ መሆን ማለት ያለ ጥበቃ መተው ማለት ሊሆን አይገባም። አደገኛ በሆኑ ኩርባዎች ላይ ፍጥነትን የሚገታ ቀላል መሣሪያ መትከል፣ ፍጥነትን መቀነስ፣ ነባሩን የማቆሚያ ሥርዓት መጠገን ይቻላል። ገንዘብ ሲገኝም ፒቲሲው ራሱ ይደርሳል።

ሌላው ተቃውሞ ወጪው ነው። የፌዴራል ባቡር አስተዳደር ራሱ ደንቡን ሲያወጣ ወጪው ከሚገኘው የደኅንነት ጥቅም 20 እጥፍ ያህል እንደሚሆን ገምቶ ነበር። ግምቱን አልክድም፤ ፒቲሲም ሁሉን አያድንም። በሰኔ 2022 በሚዙሪ ሜንደን ይኸው ሳውዝዌስት ቺፍ መዝጊያ በሌለው ማቋረጫ ላይ ከገልባጭ መኪና ጋር ተጋጭቶ አራት ሰው ሲሞት፣ ፒቲሲ ሊያስቆመው የሚችል አደጋ አልነበረም። ይሁንና ከ57 ሺህ ማይል በላይ በሚሆነው ግዴታ ባለበት ሐዲድ ላይ ሥራው በ2020 መጨረሻ ተጠናቋል፤ የወጣው ወጥቷል። የቀረው ጥያቄ ቀጣዩ ዶላር የት ይዋል የሚለው ነው፤ ለዚያም መልሱ በየመስመሩ ከሁሉ የባሰው አደጋ ባለበት፣ አንዱ ጋ ኩርባው ላይ፣ ሌላው ጋ የመኪና ማቋረጫው ላይ ነው።

ደንብ የሚያወጣ አካል ሁለት ነገር እንዲፈጽም ሊጠየቅ ይገባል። በግዴታው ገጽ ላይ የገንዘቡን ምንጭ ይጻፍ፤ «ባቡሩ ይቅር» የሚል ሐሳብ ሲቀርብለትም መንገደኛው በምን እንደሚሄድና በዚያ ላይ ስንት ሰው እንደሚሞት አስቀድሞ ያስላ። ይህን ሳያደርግ መስመር የሚዘጋ ባለሥልጣን ስለ ደኅንነት ሠራሁ ሊል አይችልም።