ሳይገባህ የማታነበው

የወሎ ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ቁርኣን ጨርሶ ወደ ነሕው (የአረብኛ ሰዋስው) ሲዞር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአጅሩሚያ ነው። በ1323 እ.ኤ.አ. ያረፈው የሞሮኮው ኢብን አጅሩም ያዘጋጃት የጥቂት ገጽ ኪታብ ናት። ወደ ላይ ሲወጣ ሺህ ያህል ስንኝ ያለው የኢብን ማሊክ አልፊያ ይጠብቀዋል። ስለ ኪታቦቹ ይህ ይበቃል።

«የአረብኛ ትምህርት ሽምደዳ ነው» የሚሉ ሰዎች ግን ያበሽቁኛል። መሸምደዱስ አለ፤ የሸመደደው ግን ሊጠየቅበት ነው።

አረብኛ እንደ ልማዱ ሲጻፍ የአጫጭር አናባቢዎቹ ምልክት (ሐረካ) ይቀራል። ካፍ፣ ታእና ባእ ተደርድረው ሲያገኝ ደረሳው «ከተበ» (ጻፈ) ይበል፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ) ወይስ «ኩቱብ» (መጻሕፍት)? ዙሪያውን አይቶ መፍረድ አለበት። እኛም «አለ»ን ስናጠብቅና ስናላላ እንፈርዳለን፤ ምክንያቱን የሚጠይቀን ግን የለም። ደረሳው ይጠየቃል። «ደረበ ዘይዱን ዐምረን»፦ ዘይድ ዐምርን መታ። «ደረበ ዐምረን ዘይዱን» ቢባልም ተመቺው ያው ዐምር ነው፤ የሚለያቸው የቃሉ መጨረሻ አናባቢ ነው። (ምስኪን! በነሕው ኪታብ ውስጥ ስንት መቶ ዓመት ተደበደበ።)

«ዘይድን ለምን በኡ ጨረስከው?» ይላሉ ሸሁ።

«ፋዒል (አድራጊ) ስለሆነ።»

«ፋዒልነቱን በምን አወቅህ?»

መልስ ከሌለ ወደ ቀጣዩ መስመር ማለፍ የለም። ኢዕራብ የሚሉት ይህን የቃልን መጨረሻ በምክንያት ማስረዳት ነው። ጨዋታ አይምሰላችሁ፤ በሱረቱ ተውባ 3ኛ አንቀጽ አንዲት አናባቢ ብትሳት አላህ ከአጋሪዎች ብቻ ሳይሆን ከገዛ መልእክተኛውም የጠራ ይሆናል። አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ የነሕውን ሥራ የጀመረው ይህን ስሕተት ሰምቶ ነው እየተባለ ይተረካል።

የመጠየቅ ልማዱ ከአረብኛ አልፎም ይሄዳል። አንድ የማውቀው ደረሳ የአማርኛ ጋዜጣ ሲያነብ «እንዲነሡ ተወሰነ» የሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ቆመና «ፋዒሉስ?» አለኝ። ዜናውን እስከ ታች ወረድንበት፤ ማን እንደወሰነ አልተጻፈም።

አሁን አሁን ግን ሐረካው የተሟላ መጽሐፍ አስይዘው፣ ከሥሩ ንባቡን በአማርኛ ፊደል ጽፈው፣ «ልጁ አረብኛ አነበበ» የሚሉ መምህራን በዝተዋል። ያነበበውማ አማርኛ ፊደል ነው! ለጀማሪ ሐረካ ይገባል፣ አልከራከርም። ዓመት ከተማረ በኋላ ግን በሳምንት አንድ አንቀጽ እንኳ ሐረካ የሌለው ስጡት። ራሱ ያናብበው፤ ትክክል ቢያነብም «ለምን?» በሉት።